ተጨማሪ መረጃ፦ የክፍሎች አቀማመጥና የማስፋፊያ ስሎቶች ሥርዓት

በማዘርቦርድ ላይ ለአንዱ ክፍል ምቹ የሆነው ሥፍራ ለጎረቤቱ ዕንቅፋት ሊሆን ይችላልና፣ የማስፋፊያ ስሎቶች ቍጥርና ርዝመት ከሌሎቹ ክፍሎች አቀማመጥ ተለይቶ ሊታሰብ አይችልም። ቤቢ ኤቲ በተባለው ቀደምት ሥርዓት ፕሮሰሰሩ በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ በስሎቶቹ መሥመር ፊት ለፊት ይቀመጥ ስለ ነበር፣ የፕሮሰሰሩ ሙቀት እያየለ ሄዶ ማቀዝቀዣ ብረትና ፋን በላዩ በተደረበ ጊዜ፣ ረጅም ካርድ ሊሰካ የሚሻ ባለሙያ የካርዱ ጫፍ ከማቀዝቀዣው ጋር እየተጋጨበት ይቸገር ነበር። ስለዚህም ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ኤቲኤክስ በተሰኘው ደንብ መሠረት፣ ቦርዱ በ90 ዲግሪ የዞረ ያህል ሆኖ ፕሮሰሰሩና ሚሞሪው ከስሎቶቹ መሥመር ወጥተው ወደ ፓወር ሰፕላዩ አቅራቢያ ተዛወሩ፤ በዚህም 305 በ244 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ገጽ ላይ እስከ 7 የሚደርሱ ስሎቶች፣ ከማእከል እስከ ማእከል 20.32 ሚሊ ሜትር እየተራራቁ፣ ሙሉ ርዝመት ያላቸውን ካርዶች ያለ ከልካይ ለመቀበል በቁ። ይሁን እንጂ የዘመናችን ግራፊክስ ካርድ፣ ከማቀዝቀዣው ውፍረት የተነሣ የሁለት ወይም የሦስት ስሎት ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ የቦርዱ ነዳፊ ከዋናው ስሎት ቀጥሎ ያለውን ሥፍራ ወይ ባዶውን ይተወዋል፣ ወይም እንደ ኤም.2 ማከማቻ ላሉ ቁመተ ዝቅተኛ ክፍሎች ይመድበዋል።