ማስቲሹ ይድረቅ

ከጂንካ ወደ ቀይ አፈር፣ ከዚያም ወደ ወይጦ ቆላ ሲወረድ የመንገዱ ዳር ግራር ነው። የቆላው ሰው ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ መጫማቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ብስክሌት ግን እሾሁን የሚረግጠው በስስ ጎማ ነው፤ ስለዚህ የደቡብ ኦሞን ብስክሌት በመንገድ ላይ የሚያቆየው ጎማ ለጣፊው ነው። ሙያው የሚገባውን ክብር ያገኘ አይመስለኝም።

ከመነዳሪውን አውጥቶ መንፋት፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ማየት፣ ማድረቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፦ ይህን ልጅም ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ማስቲሽ እርጥብ ሳለ ይይዛል ብሎ ያምናል፤ ቀብቶ ወዲያው ይለጥፋል። ማስቲሽ በፈሳሽ የሟሟ ጎማ ነው። ፈሳሹ በንኖ ካልወጣ ከልጣፉ ሥር ታፍኖ ይቀራል፤ ጎማው ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል፤ ቆላ ወርዶ ሲሞቅ አየሩ ልጣፉን ከዳር ይገልጠዋል። ስለዚህ በስሱ ቀብቶ አምስት ደቂቃ ያህል መተው ነው፤ እርጥብ ብልጭታው ሲጠፋና ዳሩ በጣት ሲነካ እርጥበት ሳያስቀር ሲቀር ደርሷል። ለማፋጠን በአፍ እፍ የሚሉም አሉ፤ እባካችሁ ተዉ፣ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ተገዝቶ የሚመጣው ልጣፍ ሆዱ ላይ ከማስቲሹ ጋር የሚዋሃድ ቅመም ስላለው ከከመነዳሪው ጋር አንድ አካል ይሆናል። ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠው ይህ የለውም። እሱን ክብ አድርጎ መቁረጥ ነው፤ ማዕዘን ካለው ከማዕዘኑ ይነሳል። ከዚያ ሁለቱንም ፊት መፈግፈግ፣ ሁለቱንም መቀባት፣ ሁለቱንም ማድረቅ፣ በመጨረሻም ከመሃል ወደ ዳር አጥብቆ መጫን።

መጠበቁ ለረዘመበት ሰው፦ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ በአውሮፓ የአየር ጎማ ከቸርኬው ጋር በማጣበቂያ ይያያዝ ነበር። ፈረንሳዮቹ ሚሽለን ወንድማማቾች አንዱን ሲጠግኑ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ማደር ነበረባቸው፤ በ1891 ተነቃይ ጎማ ያወጡት ይህ አማርሯቸው ነው። ከእነሱ ሌሊት አንጻር አምስት ደቂቃ ምንም አይደለም።

ከመነዳሪውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱ፤ እሾሁ እዚያው ካለ ያንኑ ቦታ ይወጋዋል። በቅዳሜ ገበያ ግርግር መሃል ለጣፊው ማስቲሹን ቀብቶ ሲጠብቅ ካያችሁት ደግሞ «ቶሎ በል» አትበሉት፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አግኝታችኋል።