«ደንበኛዬ አይሸውደኝም»፦ ስለ ፎርጅድ ቺፕ የሚባለውና እውነቱ

በአነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የተሰማሩ ወጣቶች ከቀደሟቸው የሚቀበሉት አንድ ምክር አለ፦ «ቻይና፣ ሼንዘን አንድ የሚታመን ሰው ፈልግ፤ ካገኘኸው አትልቀቀው፤ እሱ የላከልህ ሁሉ ኦርጅናል ነው።» ምክሩ ከልብ የሚሰጥ ነው። ሰጪዎቹም ሥራውን የሚያውቁ፣ ብዙ ቦርድ የበየዱ ሰዎች ናቸው። ጉዳቱ የከፋውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከማያውቅ ሰው ቢመጣ ኖሮ ማንም ጆሮ አይሰጠውም ነበር።

የጫጩት መፈልፈያ ማሽን እየሠራ የሚሸጥ አንድ ልጅ በፌስታል የሙቀት ሴንሰር ይዞ ወደ እኔ መጣ። ዲኤስ18ቢ20 የምትባለዋ ናት፤ ባለ ሦስት እግር፣ ላይዋን ሲያዩት ከተራ ትራንዚስተር የማትለይ ትንሽ ጥቁር ነገር። ገዢዎቹ «እንቁላሉ አልፈለፈለም» እያሉ ማሽኑን ይመልሱበታል። ማሞቂያውን ቀይሯል፣ ማራገቢያውን ቀይሯል፣ ፕሮግራሙን እንደገና ጽፏል። ሴንሰሯን ግን አልጠረጠራትም። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ የላከልኝ ሰው እኮ ወንድሜ ማለት ነው፤ አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም» አለኝ።

በረዶ አድቅቀን ብርጭቆ ውስጥ ከውሃ ጋር አማሰልነው። እንዲህ ያለው ድብልቅ ዜሮ ዲግሪ ላይ ይረጋል። አምራቹ የሚያወጣው የኦርጅናሏ ዳታሺት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ስሕተቷ ከግማሽ ዲግሪ እንደማያልፍ ይናገራል። ከፌስታሉ ካወጣናቸው አንዷ ዜሮ አካባቢ አነበበች፣ ሌላዋ ከአንድ ዲግሪ አለፈች፣ ሦስተኛዋ ወደ ሁለት ተጠጋች። የዶሮ እንቁላል የሚፈልገው 37.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ዲግሪ ተኩል ሲሞቅ ወይም ሲቀዘቅዝ የከረመ እንቁላል ውስጥ ያለው ጫጩት ብዙውን ጊዜ ዛጎሉን ሳይሰብር ይቀራል።

ቀጥለን መለያ ቁጥራቸውን አነበብን። እያንዳንዷ ሴንሰር ስምንት ጥንድ አሃዝ የያዘ የራሷ ቁጥር አላት። መጀመሪያው 28 ነው፤ ኦርጅናሎቹ ላይ ስድስተኛውና ሰባተኛው ጥንድ 00 ሆኖ ይገኛል። የእኛዎቹ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎባቸዋል። ልጁ እዚያው ሆኖ ለሻጩ ደወለ። ሰውየው አልካደም፣ አልተቆጣም፤ ደነገጠ እንጂ። እሱም ከሌላ ሰው ነበር የገዛው።

በደንበኛ ላይ ያለው እምነት ዝም ብሎ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ዕቃ የሚልክ ሰው ሀብት ነው። ቺፕ ከገበያ ሲጠፋ ያለችውን ጥቂት የሚያካፍለው ለቆየ ደንበኛው ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ሲመጣም ግንኙነቱ እንዳይበላሽበት ይቀይራል። ዲጂኪና ማውዘርን ከመሳሰሉ፣ ከአምራቹ ፈቃድ ካላቸው ትልልቅ አከፋፋዮች ልግዛ የሚል ደግሞ ለሃምሳ ፍሬ ቺፕ የሚጠየቀው የማጓጓዣ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ይበልጥበታል። ስለዚህ «ደንበኛህን ተው» የሚል ምክር አልሰጥም። እኔም ለዓመታት የማልቀይራቸው ሻጮች አሉኝ።

ችግሩ ወዳጅነቱ የሚመሰክረው ለሰውየው ጠባይ መሆኑ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ ስላለው ሲሊከን ምንም አይናገርም። የሼንዘኑን የህዋቺያንግቤይ ገበያ አስቡት፦ ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ መደብሮች፣ በየመደብሩ የቺፕ ጥቅልሎችና ከረጢቶች። ብዙዎቹ ነጋዴዎች የጠየቋቸውን ዕቃ ሁሉ በእጃቸው አያኖሩም፤ ትእዛዝ ሲመጣ ጎረቤት ጠይቀው ያሟላሉ፣ ጎረቤትም ከሌላ ያመጣል። በዚያው በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ጉዪዩ የምትባል ከተማ አለች። ከዓለም ዙሪያ የተጣለ ኮምፒውተርና ስልክ ለብዙ ዓመታት ሲፈታባት ነበር። ቦርዱ እሳት ላይ ይሞቃል፣ ቺፑ ይነቀላል፣ ይታጠባል፤ ከዚያ አስመሳዮች እጅ ሲገባ የቀድሞው ጽሑፍ ተፍቆ ይጠፋል፣ ላዩ እንደገና በጥቁር ይቀባል፣ አዲስ ስምና አዲስ ቀን ይታተምበታል። ከእንዲህ ያለ ቦታ ተነሥቶ ደንበኛችን መደብር እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል? እኛ የምናውቀው የመጨረሻውን እጅ ብቻ ነው። የመጨረሻው እጅ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን የቀደሙትን አያጠራቸውም።

ይህ የድሃ አገር ችግር የሚመስለው ካለ የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኃይሎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣውን ሪፖርት ይመልከት። መርማሪዎቹ በመከላከያ አቅርቦት ውስጥ 1,800 ገደማ አጠራጣሪ ጉዳዮች አገኙ፤ የዕቃዎቹ ብዛት ሲደመር ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ከመካከላቸው የሳምሰንግን ስም የያዙ የሜሞሪ ቺፖች ሲ-130ጄ እና ሲ-27ጄ በተባሉ የጭነት አውሮፕላኖች ማሳያ ስክሪን ውስጥ ተገጥመው ተገኝተዋል። ወደ ኋላ ሲፈለጉ በአሜሪካዊ ደላላ በኩል አልፈው ሼንዘን ያለ ነጋዴ ዘንድ ያደርሳሉ። ስክሪኑን የሠራው ኩባንያ ደላላውን ያውቀው ነበር። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ሪፖርት መሠረት የአሜሪካ መንግሥት የኦዲት መሥሪያ ቤት በሐሰት ኩባንያ ስም 16 ዕቃ በኢንተርኔት ገዝቶ አስመረመረ። አንድም እውነተኛ አልተገኘም። አራቱማ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የፈጠራቸው፣ በዓለም ላይ የሌሉ የሞዴል ቁጥሮች ነበሩ። ሻጮቹ ግን «አለን» ብለው ላኩ!

ወደ ትንንሾቹ አምራቾች እንመለስ። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የሚገኘው ስፓርክፈን ለተማሪዎችና ለጀማሪዎች ቦርድ እየሠራ የሚሸጥ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ጀማሪዎች የሚለማመዱበት የአርዱዪኖ ቦርድ ልብ የሆነው ኤቲሜጋ328 የተባለው ቺፕ ከገበያ ጠፋ። ሥራ እንዳይቆም ከተለመደው መስመር ወጥተው ገዙ፤ የመጣው ዕቃ ስሙም መልኩም የአምራቹ የአትሜል ነው፣ ግን አይሠራም። ከፍተው ሲያዩት ውስጡ ያለው ሌላ ነገር ሆነ። ስፓርክፈንን የማደንቀው ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው፤ ሳይደብቅ ከነፎቶው ለሕዝብ አሳየ። ሌሎች ያንን አይተው የራሳቸውን መሳቢያ ፈተሹ።

እኛ ዘንድ እንዲህ የሚያደርግ አላየሁም። እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። «ደንበኛዬ አይሸውደኝም» የሚለው እምነት ትልቁ ጥፋቱ ፎርጅድ ማስገባቱ አይደለም፤ ፍተሻን ማስቀረቱ ነው። ከማያውቀው ሰው የገዛ ልጅ አሥሩን አውጥቶ ይለካል። ከወንድሙ የገዛ በቀጥታ ይበይዳል። ከዚያ ይሉኝታው ይከተላል። የስሪት ቁጥሩን ፎቶ መጠየቅ፣ «ይህን ከማን ገዛኸው?» ማለት፣ የአከፋፋዩን ደረሰኝ ላክልኝ ማለት ሁሉ ነውር ይሆናል፤ ሰውየውን ሌባ እንደማለት ይቆጠራል። ምክር ሰጪዎቹም ይህን ይሉኝታ እንደ ጥሩ ጠባይ ያስተምሩታል። አንድ አንጋፋ ባለሙያ በሥልጠና ላይ «ጥያቄ የሚያበዛ ገዢ ማንም አይፈልግም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከፊቱ የተቀመጡት ልጆች የቤተሰብ ብር ይዘው ሥራ የጀመሩ ናቸው። ማሽናቸው ሲመለስ የሚከፍሉት እነሱ እንጂ አንጋፋው አይደለም።

ደህና ሻጭ ጥያቄ አያስከፋውም። የልጁ ሻጭ ምን እንዳለ ልንገራችሁ፦ «ቀድመህ ብትነግረኝ እኔም ከዚያ ሰው መግዛት አቆም ነበር» አለው። ዝምታው ሻጩንም ጎድቶታል ማለት ነው።

ፍተሻው ደግሞ ሰው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። አንድ ዙር ዕቃ ሲመጣ ከጥቅልሉ ጫፍ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉም ከመጨረሻውም ጥቂት ማውጣት ይገባል፤ ከላይ እውነተኛውን ከሥር ፎርጅዱን መጠቅለል የታወቀ ዘዴ ነው። ቀድሞ የተላከ ናሙና ጥሩ መሆኑም ለጅምላው ዋስትና አይሆንም። የወጣውን ዕቃ ዳታሺቱ በሚለው የመጨረሻ ጭነት ላይ ማሠራት፣ የሚነበብ መለያ ካለው ማንበብ፣ የየትኛው ዙር ቺፕ በየትኛው ማሽን እንደገባ ደብተር ላይ መያዝ። ማሽኑ ያለሷ ዋጋ የሌለውን አንዷን ክፍል ደግሞ፣ ሌላው ሁሉ ከደንበኛ ቢገዛም፣ ፈቃድ ካለው አከፋፋይ ማስመጣት ያዋጣል። ዱባይ ወይም ዋሺንግተን ያለ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ከረጢት ናት።

ፎርጅድ ሲገባ ማን እንደሚከፍል በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ ኤፍቲ232አርኤል የምትባል፣ ዩኤስቢን ከማይክሮኮንትሮለር ጋር የምታገናኝ ቺፕ ይሠራል። አስመሳዮቿ በገበያ ላይ ሞልተው ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ቺፕ በአሲድ ከፍተው ፎቶ የሚያነሡ ባለሙያዎች አንዷን ሲያዩ፣ ውስጧ ኤፍቲዲአይን እንድትመስል ፕሮግራም የተጻፈባት ተራ ማይክሮኮንትሮለር ሆና አገኟት። በጥቅምት ወር ኤፍቲዲአይ በዊንዶውስ ማዘመኛ በኩል አዲስ ድራይቨር ለቀቀ። ድራይቨሩ አስመሳይ ሲያገኝ 6001 የነበረውን መለያዋን 0000 ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ዕቃውን አያውቀውም። ፎርጅድ የሠራው ሰው ምንም አልሆነም፤ ገንዘቡን ከተቀበለ ቆይቷል። የከሰረው ቦርዱን በቅን ልቦና የሠራው ትንሽ አምራችና ከእሱ የገዛው ተማሪ ነው። ተቃውሞው ሲበረታ ድራይቨሩ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ኩባንያው ቀለል ባለ መንገድ ተመለሰ፤ አዲሱ ድራይቨር ዕቃውን አይገድለውም፣ በመረጃው ፈንታ ዕቃው እውነተኛ አይደለም የሚል ጽሑፍ ይልካል። የመጀመሪያው ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። በሁለተኛው ላይ ግን እስከ ዛሬ ሁለት ልብ ነኝ፤ አምራች ስሙን ሲሰርቁት ዝም ይበል ማለት ይከብደኛል።

ከዚህ ታሪክ ጋር ሌላ ተረትም አብሮ ይወድቃል፦ «ከሠራ ኦርጅናል ነው» የሚለው። እነዚያ ቺፖች እስከዚያች ጥቅምት ድረስ ይሠሩ ነበር።

«የቻይና ቺፕ ሁሉ ፎርጅድ ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። በርካሽ አርዱዪኖዎች ላይ የኤፍቲዲአይን ቦታ የያዘው ሲኤች340 የቻይና ኩባንያ በራሱ ስም የሚሸጠው ሐቀኛ ዕቃ ነው። የቻይናው ጊጋዲቫይስ የሚሠራው ጂዲ32 ማይክሮኮንትሮለርም ኤስቲኤም32 ከተባለው ጋር ቢመሳሰልም የራሱን ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ፎርጅድ የሚያደርገው የሌላ ሰው ስም መለጠፉ ነው። ጂዲ32ን ፍቆ ኤስቲኤም32 ብሎ የሚጽፍበት ግን ፎርጅድ ሠርቷል።

«ውድ ከሆነ እውነተኛ ነው» የሚሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. 2021ን ያስታውሱ። ኮቪድ ባስከተለው የቺፕ እጥረት ኤስቲኤም32 በብዙ እጥፍ ዋጋ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ አስመሳዩም በዚያው ዋጋ ነበር የሚሸጠው። ዋጋ የሚናገረው ዕቃው ምን ያህል እንደተፈለገ ነው።

«በአሴቶን ጠርገኸው ጥቁሩ ካልለቀቀ ንጹሕ ነው» የሚለው በአንድ ወቅት ይሠራ ነበር። ጥጡ ከጠቆረ አሁንም ዕቃው የተቀባ ስለመሆኑ ማስረጃ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ግን ምንም አልተረጋገጠም፣ አሴቶን የማያነሣው ቅብ ከመጣ ቆይቷልና።

የመጨረሻው «እኔ ሃምሳ ፍሬ ነው የምገዛው፣ ለእኔ ብሎ ማን ይፎርጃል?» የሚለው ነው። ለእሱ ብሎ የሚፎርጅ የለም። ነገር ግን ትልልቆቹ ፈትሸው የመለሱት ዕቃ ሁልጊዜ አይጣልም፤ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ የሚሸጠው ኤክስሬይ ለሌለው፣ አስመሳዩን ለመክሰስ አቅም ለሌለው፣ መልሶ ለመላክ የማጓጓዣው ዋጋ ለሚከብደው ገዢ ነው።