የመስኮት አቅጣጫና የቤት ውስጥ ተክሎች የብርሃን ፍላጎት፦ የአዲስ አበባ ሁኔታ

ስለ ቤት ውስጥ ተክሎች አያያዝ በብዛት የሚሠራጩት መመሪያዎች የተዘጋጁት ከምድር ወገብ ርቀው ለሚኖሩ አንባቢዎች ነው። በእነዚህ መመሪያዎች ብርሃን ወዳድ ተክልን በደቡብ መስኮት፣ ጥላ ወዳዱን ደግሞ በሰሜን መስኮት ማስቀመጥ እንደ ቋሚ ደንብ ይቆጠራል። ደንቡ ለለንደን ትክክል ነው፤ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ለምትገኘው አዲስ አበባ ግን እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የብርሃን መጠን ለተክል እንዴት እንደሚለካና የፀሐይ አካሄድ በአዲስ አበባ ቤቶች ውስጥ የሚያስከትለውን ልዩነት ማስረዳት ነው።

የዓይን ምስክርነትና የተክል ፍላጎት

የሰው ዓይን ራሱን ከብርሃን መጠን ጋር ፈጥኖ ያላምዳል። በቀትር ፀሐይ ሜዳ ላይ የሚወርደው ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ሲደርስ፣ ደኅና ብርሃን አለው በሚባል ቢሮ ውስጥ ያለው ግን 500 ሉክስ ያህል ነው። ልዩነቱ 200 እጥፍ ሆኖ ሳለ ሰው በሁለቱም ቦታ ያለ ችግር ያነባል። በዚህ የተነሣ «ክፍሉ ብሩህ ነው» የሚለው አስተያየት ስለ ተክሉ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ተክል በብርሃነ አስተፃምሮ ምግቡን የሚያዘጋጀው የሞገድ ርዝመታቸው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር በሆኑ የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም በፎቶኖች ነው። ወሳኙም በአንድ ቅጽበት የሚታየው ድምቀት ሳይሆን ቅጠሉ በቀን ውስጥ የሚቀበለው የፎቶኖች ድምር ነው። ለፀሐይ ብርሃን 54 ሉክስ በአንድ ካሬ ሜትር በሰከንድ ከ1 ማይክሮሞል ፎቶን ጋር በግምት እኩል ነው። በዚህ ስሌት በአማካይ 500 ሉክስ ለ12 ሰዓታት የሚያገኝ ቅጠል የሚደርሰው 9 ማይክሮሞል ያህል ሲሆን፣ የቀን ድምሩ 0.4 ሞል ብቻ ነው። ጥርት ባለ ቀን ደጅ ላይ ያለ ተክል በአንጻሩ ከ40 ሞል በላይ ይቀበላል። ስለዚህ ለዓይን ብሩህ የሆነው ክፍል ለተክሉ የሚሰጠው የደጁን አንድ መቶኛ ያህል ነው።

የማካካሻ ነጥብ

ማንኛውም ተክል በትንፈሳ ያከማቸውን ምግብ ያቃጥላል። ቅጠሉ የሚያመርተውና የሚያቃጥለው እኩል የሚሆኑበት የብርሃን መጠን የማካካሻ ነጥብ ይባላል። ይህ ነጥብ ለጥላ ተክሎች ከ1 እስከ 5፣ ለፀሐይ ተክሎች ደግሞ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሞል አካባቢ ነው። በመሆኑም 9 ማይክሮሞል በሚደርስበት ጥግ ላይ የጥላ ተክል ትንሽ ትርፍ ያገኛል፤ የፀሐይ ተክል ግን በጠራራው ቀን ሳይቀር ይከስራል። ሌሊቱንና ሥሩ የሚፈልገውን ምግብ ስንጨምር ኪሳራው ይሰፋል።

ይህ ልዩነት ከተክሎቹ የትውልድ አካባቢ የመጣ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና፣ እንዲሁም ከታንዛኒያና ከኬንያ የተገኘው የአፍሪካ ቫዮሌት የተጣራ ብርሃን የለመዱ ናቸው። በገላጣና ድንጋያማ ቦታ የሚበቅሉት የእሬት ዝርያዎች ግን የሚፈልጉት ቀጥተኛ ፀሐይ ነው።

የብርሃን እጥረት ወዲያው አይታወቅም፤ ተክሉ ቀድሞ ካከማቸው እየቀነሰ ለሳምንታት ደኅና መስሎ ይቆያል። ቀጥሎ ግንዱ ይረዝማል፣ አዲስ ቅጠሎች ያንሳሉ፣ መላው ተክል ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን በውሃ በኩል የሚመጣው ነው። ብርሃን ያነሰው ተክል የሚጠቀመው ውሃ ትንሽ ስለሆነ አፈሩ ረጥቦ ይቆያል፤ ሥሩ ኦክስጅን አጥቶ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ሥር ውሃ ማንሣት ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱም ጠውላጋውን ቅጠል የጥማት ምልክት አድርጎ በመውሰድ ውሃ ይጨምራል። በብርሃን እጦት የተጀመረው ችግር በዚህ መንገድ በውሃ ብዛት ይፈጸማል።

የፀሐይ አካሄድ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ

በለንደን በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ በላይ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትወጣ፣ የላይኛው ጠርዙ ከወለል 2 ሜትር ከፍ ባለ የደቡብ መስኮት የገባ ጨረር ከ7 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በአዲስ አበባ በዚያው ጊዜ የቀትር ፀሐይ ከፍታ 58 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ መስኮት የሚገባው ጨረር ከ1.3 ሜትር አያልፍም። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ ግድም ደግሞ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን፣ የደቡብ መስኮት የቀትር ጨረር ከነጭራሹ አያገኝም።

በዚህ ወቅት ተራው የሰሜን መስኮት ቢሆንም ጥቅሙ ውሱን ነው። በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ 76 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል ጨረሩ ግማሽ ሜትር ገብቶ ይቆማል። ግማሽ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ የጣራ ክፈፍ ካለም ከሥሩ 2 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ስለሚጥል መስኮቱን ይሸፍነዋል። የክረምቱ ደመና ሲጨመርበት የቀረው ብርሃን ከሰማይ የሚበተነው ብቻ ይሆናል።

በአንጻሩ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ዓመቱን ሙሉ ዝቅ ያለች ፀሐይ ያገኛሉ። በመጋቢት አጋማሽ ፀሐይ ከወጣች ከ2 ሰዓታት በኋላ ከፍታዋ 30 ዲግሪ ስለሚሆን ጨረሩ 3.5 ሜትር ያህል ይገባል። በክረምት ደመናው በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚከብድ፣ ከሁለቱ ይበልጥ አስተማማኙ የምሥራቁ ነው። የቀኑ ርዝመት በዓመት ውስጥ የሚለያየው በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ በአዲስ አበባ የብርሃንን መጠን የሚወስኑት ደመናና የመስኮት አቅጣጫ ናቸው ማለት ይቻላል።

ተግባራዊ አለካክ

ቀላሉ ዘዴ የሉክስ መለኪያን ወይም የተንቀሳቃሽ ስልክ የብርሃን መለኪያ መተግበሪያን በቅጠሉ ከፍታ ላይ ይዞ ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ መለካት፣ አማካዩን ለ54 ማካፈል፣ ውጤቱንም በ43,200፣ ማለትም በ12 ሰዓታት ውስጥ ባሉት ሰከንዶች፣ ማባዛት ነው። የስልክ ንባብ ሻካራ ግምት ቢሆንም በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት ይበቃል። መለኪያ ከሌለ ከቅጠሉ ቦታ ወደ ውጭ መመልከት ይረዳል፤ ከዚያ ሆኖ ሰማይ የማይታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፊት ለፊት ያለ የኮንዶሚኒየም ሕንጻ ከጋረደው፣ የመስኮቱ ስፋት ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

የተፈጥሮ ብርሃን በማይደርስበት ክፍል ቅጠሉ ላይ 100 ማይክሮሞል የሚያደርስ መብራት ለ12 ሰዓታት ቢበራ 4.3 ሞል ይሰጣል። ትንሽ አምፖል ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ከአምፖሉ ጉልበት ይልቅ ቅርበቱ ይበልጥ ሊያስብ ይገባል። ከጥላ ወደ ፀሐይ የሚዛወር ተክልም በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ መላመድ አለበት፤ የጥላ ቅጠል ድንገተኛ ጨረር ሲያገኘው ይነጣል፣ ይቃጠላልም።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚከተለው ምክር የአቅጣጫ ደንብ ሳይሆን የወቅት ክትትል ነው። በአዲስ አበባ ፀሐይ ወዳድ ተክል ከምሥራቅ ወይም ከምዕራብ መስኮት ሥር ቢቀመጥ ይመረጣል። በደቡብ መስኮት ያለ ተክል በበጋ ቢጠቀምም በሚያዝያ ቦታው እንደገና መታየት ይኖርበታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ተክሎችን ወደ መስኮት ማስጠጋትና ውሃን መቀነስ አብረው የሚሄዱ ሁለት እርምጃዎች ናቸው።