የፋሲል ግምብ አሠራር

በጎንደር ከተማ መካከል የቆመው የፋሲል ግምብ ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የተሠራው ለንጉሥ መኖሪያ ነው። ዐፄ ፋሲል ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. ሲነግሡ፣ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸው አደረጉ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ነገሥታት ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ በድንኳን ይሰፍሩ ስለ ነበር፣ የድንጋይ ቤት መሥራት ራሱ «ከእንግዲህ ከዚህ አንነሣም» ብሎ እንደ ማወጅ ይቈጠራል።

ሕንፃው አራት ማዕዘን ነው። በየማዕዘኑ አናቱ እንደ እንቁላል የሾጠጠ ክብ ግምብ ቆሞለታል። በደቡብ ምዕራብ በኩል ከሁሉ በልጦ የወጣ ሌላ ግምብ አለ፤ ሰማዩ ሲጠራ ከዚያ ላይ ጣና በሩቅ ይታያል። ግድግዳው ከጠንካራ ጥቁር ቡናማ ድንጋይ የተገነባ ሲሆን፣ የበሩና የመስኮቱ ቀስት ግን ቀላ ካለ ለስላሳ ድንጋይ ተጠርቧል። ይህ ለጌጥ ብቻ አይመስልም፤ ጠንካራውን ድንጋይ ለቀስት እንዲመች አድርጎ መጥረብ እጅግ አድካሚ ነውና።

ድንጋዩን እርስ በርሱ ያያዘው ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ከተቃጠለ በኋላ ውሃ ሲፈስበት እየፈላ ይፈርሳል። ያም ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋዮቹ መካከል ይገባና ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ኖራ ከጭቃ ይልቅ ጽኑ፣ ከሲሚንቶ ይልቅ ልል ነው። ልልነቱም ጥቅም አለው፤ ግድግዳው በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ የሚተነፍሰው በኖራው በኩል ነው።

ይህን ያልተገነዘበ ጥገና ከመጠገን ይልቅ ይጎዳል። ጎንደር ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በኢጣልያኖች እጅ ሳለች፣ በግቢው ሕንፃዎች ጥገና ላይ ሲሚንቶና ብረት ያለው ኮንክሪት ገባ። ሲሚንቶ እንደ ኖራ እርጥበት አያሳልፍም፤ ስለዚህ ውሃው መውጫ ሲያጣ በድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ ለስላሳውም ድንጋይ መፈርፈር ይጀምራል። ብረቱ ደግሞ ሲዝግ ያብጥና ኮንክሪቱን ይሰነጥቀዋል።

ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጊዜ በኋላ የተደረጉ ጥገናዎችም ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ መተካትን መርጠዋል። ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ኖራ ለመጠንከር ጊዜ ይፈልጋል፤ ግንበኛውም ዝናቡ ሳይቀድመው መጨረስ አለበት።