ፊትን አይቶ ልብን ስለ መገመት

ሻጭና ገዢ ከመነጋገራቸው አስቀድሞ ይተያያሉ። ደንበኛው ዋጋ ሲነገረው ቅንድቡን ማንሣቱን፣ ዱቤ ሲጠይቅ ማቀርቀሩን የማያስተውል ነጋዴ የለም። ነገር ግን ከፊት የተነበበው ነገር ምን ያህል እንደሚታመን የሚመረምር ጥቂት ነው።

ለዚህም በአንድ አስመጪ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ የፈጸምሁትን ስሕተት ለምሳሌ ልግለጽ። ከአዲስ አበባ ውጭ የሚነግዱ አንድ የቆዩ ደንበኛ እንደ ልማዳቸው ዕቃ በ30 ቀን ዱቤ ጠየቁ። በዚያን ዕለት ፊታቸው ጠቁሮ፣ ዓይናቸው ከወለሉ አልነሣ ብሎ፣ ለምንጠይቃቸው ሁሉ ባጭሩ ይመልሱ ነበር። እኔም ለአሠሪዬ፣ «ሰውዬው ዛሬ አላማሩኝም፤ የደበቁት ነገር ያለ ይመስለኛል» አልኋቸው። ዱቤው ተከለከለ። ደንበኛውም አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወጡ።

በሳምንቱ ወንድማቸውን ቀብረው የመጡ መሆናቸውን ሰማን። ኀዘኑን በፊታቸው ላይ አይቼው ነበር፤ ዳሩ ግን ተንኰል ብዬ ተረጐምሁት። የሒሳብ መዝገቡን ገልጬ ብሆን ኖሮ አንድም ጊዜ የመክፈያ ቀን አሳልፈው እንደማያውቁ ባየሁ ነበር። አሠሪዬ ሄደው ይቅርታ ቢጠይቁም እኒያ ደንበኛ ወደ እኛ አልተመለሱም።

ስለዚህ ጉዳይ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን በ1862 ከልብ የመነጨ ፈገግታ ከንፈርን ብቻ ሳይሆን በዓይን ዙሪያ ያለውንም ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ አመለከተ። በ1872 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን ዋና ዋናዎቹ የስሜት ምልክቶች በብዙ ሕዝቦች ዘንድ አንድ ዓይነት መሆናቸውን በመጽሐፍ ገለጸ። በ1960ዎቹም አሜሪካዊው ፖል ኤክማን እስከ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄዶ ፎቶግራፎች እያሳየ ከመረመረ በኋላ ደስታ፣ ኀዘን፣ ቍጣ፣ ፍርሃት፣ መጸየፍና መደነቅ በሰው ሁሉ ፊት ላይ ይታወቃሉ ሲል ደመደመ።

የኋለኞቹ ተመራማሪዎች ግን በዚህ አልተስማሙም። በ2019 አምስት ምሁራን ቀደምት ጥናቶችን መርምረው፣ የተቈጣ ሁሉ ፊቱን እንደማያኮሳትር፣ ፊቱን ያኮሳተረም ሁሉ የተቈጣ እንዳልሆነ አስረዱ። ሐሰትን ስለ መለየትማ በ2006 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ጽሑፍ ሰዎች እውነቱን ከሐሰት በትክክል የለዩት ከመቶ 54 ጊዜ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየ። ይህም ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት እምብዛም አይሻልም።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በታላቅ ሰው ፊት ማቀርቀር አክብሮት እንጂ እፍረት አይደለም። «ጥርስ ባዳ ነው» የሚባለውም ያዘነ ሰው ስለሚስቅ ነው።

እንግዲህ የደንበኛን ፊት አንመልከት ማለቴ አይደለም። ፊቱ የጠቈረ ሰው ሲመጣ ወንበር ሰጥቶ «ደኅና ነዎት ወይ? ቤተ ሰብ ደኅና ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ዱቤውን ግን የሚወስነው መዝገቡ ይሁን። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ መዝገቡን ሳልገልጥ ስለማንም ደንበኛ ለአሠሪዬ አስተያየት ሰጥቼ አላውቅም።