ለእናት የተላከ ሽማግሌ

“ወንድሜ፣ እናታችንን ምከርልን።” ወላይታ ጠበላ ወዳለው የሕግ ምክር ቢሮዬ የገባው ጎልማሳ ገና ሳይቀመጥ ነው ይህን ያለኝ። እናቱ ስድሳን አልፈዋል፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። አሁን አንድ ጡረተኛ ከሶዶ ሽማግሌ ልከውባቸዋል። ልጁን ያስጨነቀው ሐሜቱ አይደለም። “ቤቷንም ላሞቿንም ይወርሳል” አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን “ሰምቲንግስ ጋታ ጊቭ” የተባለውን፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚዋደዱበትን የፍቅር ኮሜዲ እወደዋለሁ። ዋና ተዋናይቷ ዳያን ኪተን ያኔ 57 ዓመቷ ነበር። ልቧ ተሰብሮ እያለቀሰች ቴአትሯን ስትጽፍ ያስቃል፤ ቢሆንም ፊልሙ ሐዘኗን አይንቀውም። ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ቤቱ ለማን ይቀራል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ መሬት በጠበበበት በወላይታ ደግሞ ጥያቄው የስስት ብቻ አይደለም።

ለልጁ ሕጉን ነገርኩት። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሟች ሳይናዘዝ ከሞተ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይሆንም፤ ቀዳሚዎቹ ልጆች ናቸው። ከጋብቻ በፊት የተያዘ ንብረትም የግል ሆኖ ይቀራል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው፤ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ የጋብቻ ውል በጽሑፍ ይደረግ፣ ከሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ንብረቱም በዝርዝር ይግባበት። የገጠር መሬት ካለ የክልሉ የመሬት ሕግ ለብቻው ይታያል።

ከዚያ እኔን የሚያሳስበኝን ነገርኩት። እናትህ ሶዶ ሄደው ከሰውየው ቤት ቢገቡ፣ ሰውየውም ቀድመው ቢሞቱ፣ ልጆቻቸው “ቤቱ የአባታችን ነው፣ ውጪ” ቢሏቸው ወዴት ይሄዳሉ? ሰውየው በኑዛዜ የአላባ መብት፣ ማለትም በቤቱ እየኖሩ የመጠቀም መብት፣ ካልሰጧቸው በቀር በዚያ ቤት የሚያቆያቸው ጽኑ ነገር የለም። ልጁ ዝም አለ። ይህን ጨርሶ አላሰበበትም ነበር።

በሌላ ቀን እናቱን ይዟቸው መጣ። ለምን ማግባት እንደፈለጉ አልጠየቅኳቸውም፤ ራሳቸው ነገሩኝ፦ “ልጆቼ ሁሉ ጎጆ ወጥተዋል። ቡና አፈላለሁ፣ የሚጠጣልኝ የለም።”

ልጆች ሆይ፣ ሽማግሌውን ከመመለሳችሁ በፊት ንብረቱን በጋብቻ ውሉ ውስጥ በዝርዝር አስመዝግቡ፤ እናታችሁም ነገ የሚኖሩበትን ቤት በጽሑፍ አስይዙላቸው።