የተራራ ሐይቅ ዋና፦ እውነት ወይስ ተረት?

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይባላል። ታሆ ሐይቅን ያየ ሰው የአባባሉ ትርጉም ይገባዋል። በካሊፎርኒያና በኔቫዳ ድንበር፣ ከባሕር ወለል 1,897 ሜትር ከፍታ ላይ የተኛው ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ 501 ሜትር ይደርሳል። ዳር ዳሩን ግን ጠጠሩ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነው። ለሰመር ሽርሽር ከኦክላንድና ከሳክራሜንቶ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትወጡ ወገኖች፣ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

ተረት፦ ቀኑ ከሞቀ ውሃውም ይሞቃል።
እውነት፦ ከተራራው የሚቀልጠው በረዶ የሚወርደው እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ነው። በሰኔ መግቢያ ፀሐይዋ ቆዳ ስታቃጥል እንኳ ውሃው ብዙ ጊዜ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው። በነሐሴ ሞቀ ሲባልም 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ያውም ላይ ላዩ ብቻ። ብርቱ ነፋስ ሲነሳ የሞቀውን ውሃ ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፤ በሌላው ዳር ከታች ያለው ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ትናንት የተመቻችሁ ዳርቻ ዛሬ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል።

ተረት፦ ጎበዝ ዋናተኛን ውሃ አይበላውም።
እውነት፦ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ልቡ በኃይል ይመታል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ስለዚህ ከጀልባም ሆነ ከዐለት አትዝለሉ፤ ከዳር ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ግቡ። ድንገት ከወደቃችሁም ወዲያው ለመዋኘት አትታገሉ። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፤ ድንጋጤው ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ከዚያ በኋላ መጣራትም መዋኘትም ይቻላል።

ተረት፦ ብርዱ እስኪጥለኝ ድረስ ብዙ ጊዜ አለኝ።
እውነት፦ የውስጥ አካል ለመቀዝቀዝ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን እጅና እግር የሚከዱት በ10 ደቂቃ ገደማ ነው። ጀልባ ላይ የነፍስ አድን ጃኬት የሚታሰረው ለዚህ ነው፤ ክንድ ቢዝልም ጭንቅላት ከውሃ በላይ ይቆያል። ረጅም ርቀት የምትዋኙ ከሆነ ዳርቻውን ተከትላችሁ ዋኙ፤ ደማቅ ቆብ አድርጉ፤ ተንሳፋፊ በወገባችሁ እሰሩ፤ ብቻችሁን አትግቡ።

ተረት፦ የሚሰጥም ሰው ይጮኻል።
እውነት፦ አፉ ብቅ ጥልቅ የሚል ሰው ለጩኸት የሚተርፍ ትንፋሽ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጥመው በዝምታ ነው። ልጆች ውሃ ዳር ሲሆኑ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን አስቀምጦ እነሱን ብቻ ይይ። በአየር የሚነፋ ፍራሽም ጠባቂ አይሆንም፤ ነፋስ ልጁን ይዞት ይሄዳል።

ተረት፦ ከውሃ ሲወጡ አንድ መለኪያ ውስኪ ያሞቃል።
እውነት፦ አልኮል የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚያሰፋ የውስጥ ሙቀት ያስወጣል። ከወጣችሁ በኋላም የሰውነት ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል። እርጥቡን ልብስ ቶሎ አውልቁ፣ ደረቅ ልበሱ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ትኩስ ሻይ ጠጡ።

ታሆ ሂዱ፤ ልጆቻችሁንም ዋና አስተምሩ። ውሃው ሲስቅላችሁ ግን መጀመሪያ እግራችሁን ብቻ ነክራችሁ ቅዝቃዜውን ለኩ።